የሙሽራዋ እናት ዘፈን በወረቀት ሲወጣ

የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ ተነሥቶ ወደ ፒኮ ሮበርትሰን ለሚሄድ ሰው፣ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ቀጥሎ አሮጌ የዘፈን ወረቀት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የምውለው እዚያ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ሰዎች ከሟች አያቶቻቸው ቤት በካርቶን ጭነው የሚያመጡትን ወረቀት አቧራውን እጠርጋለሁ፣ የተቀደደውን እለያለሁ፣ የቀረውን በፊደል ተራ እደረድራለሁ። ከወገቤ በስተቀር የሚያማርር ነገር የለኝም።

የዘፈን ወረቀት ስል ግራ የሚገባው ሰው አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ራዲዮ በየቤቱ ሳይገባ፣ ሸክላም ገና ብርቅ ሳለ፣ አሜሪካኖች አዲስ ዘፈን የሚገዙት በወረቀት ነበር። ኖታውና ግጥሙ ታትሞ፣ ባለ ሥዕል ሽፋን ተደርጎለት፣ ከክርና ከመርፌ ጋር በአንድ መደብር ይሸጣል። ገዢው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ከልጆቹ አንዷ ፒያኖው ላይ ትቀመጣለች፤ የቀረው ቤተሰብ ዙሪያዋን ቆሞ ይዘፍናል። አሳታሚዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ተጠጋግተው ነበር። ከየመስኮቱ የሚወጣው የፒያኖ ድምፅ ሲደባለቅ ቆርቆሮ ድስት የሚደበደብ ስለሚመስል መንገደኛው ሰፈሩን በድስት ስም ጠራው ይባላል።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ባለሱቋ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ በአማርኛ ሳስባትም አንቺ ሆና ቀርታለች። እናቷ በወጣትነቷ የመደብር ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ደንበኛው ከመደርደሪያው ላይ ያነሣውን ወረቀት ይሰጣታል፤ እሷ አይታው የማታውቀውን ዘፈን እዚያው ትጫወትለታለች፤ ከወደደው ይገዛዋል።

«እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትጫወት ትውላለች» አለችኝ ባለሱቋ። «ቤት ስትገባ ግን አባቴን ማፏጨት እንኳን ትከለክለው ነበር።»

አንዳንዱን ነገር ደግሞ ወረቀቱን ሳጸዳ በራሴ ዓይን አየሁ። የብዙዎቹ ሽፋን መሐሉ ላይ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ክፈፍ አለው፤ ክፈፉ ውስጥ አንድ ሽክ ብሎ የለበሰ ሰው ወይም ባለ ላባ ባርኔጣ ሴት ፈገግ ብላ ትታያለች። የደራሲው ፎቶግራፍ ይመስለኝ ነበር። ለካ የዘፋኙ ነው። ዜማውን የሠራው ሰው ስም ከታች ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው። አሳታሚው ዝነኛ ዘፋኝ ዘንድ ሄዶ ዘፈኑን መድረክ ላይ እንዲያነሣለት ይለምን ነበር፤ ዘፋኙ ካነሣው ወረቀቱ ይሸጣል፤ ስለዚህ ሽፋኑ የዘፋኙ ይሆናል። አንዲት ቃል ሳይጽፍ ስሙን ከደራሲው ስም ጎን ያስገባ ዘፋኝም ነበር ብላኛለች። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያሉኝ ጎረቤቴ ናቸው።

ጎረቤቴ ሚድ ሲቲ በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ናቸው። እዚህ አገር ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፓርኪንግ ሲጠብቁ ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ግን አንድ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። እህታቸው ስታገባ እናታቸው የራሳቸው ወንድም ሞቶባቸው ጥቁር ለብሰው ነበርና፣ ሠርጉ ላይ ከወንበሬ አልነሣም ብለው ተቀመጡ። ጎረቤቴ እናታቸውን ለማስነሣት አንድ ዜማ ሠሩ። እናትየው ተነሡ። ዜማው ከዚያ ወዲያ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሄደ፤ ዛሬ የሙሽራዋ እናት ስትነሣ የማይዘፈንበት ሠርግ የለም። ሰው ሁሉ የሙሽራዋ እናት ዘፈን ይለዋል። የማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ግሌንዴል በአንድ አዳራሽ የተደረገ ሠርግ ላይ አብረን ተጠርተን ነበር። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ማይኩን ይዞ «ኦኬ፣ አሁን ደግሞ ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ፤ የሙሽራዋ እናት ትነሣልን» አለ። ጎረቤቴ በጣታቸው ይዘውት የነበረውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ሌላ አልጎረሱም።

መኪናቸው ውስጥ ስንገባ «የሕዝብ ነው አለ» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ሕዝቡ የት ነበር? እኔ እኮ ስሠራው ብቻዬን ነበርኩ።»

«ታዲያ ሄደው ለምን አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ? ፓርኪንግ ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ ተነሥቶ ይኼ የኔ ነው ቢል ጋሼ ጠጥተዋል ነው የሚሉኝ። የባንዱ ልጆች አልቀዋል፤ ማን ይመስክርልኝ?» መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳን አልተንቀሳቀሱም፤ ከኋላ ጡሩንባ ተነፋብን። «ገንዘብ አልፈልግም። ስሜና ዜማዬ ሳይገናኙ መሞት ግን አልፈልግም። ይኸው ነው።»

እኔ ሰው ማጽናናት አልችልበትም። ዞሬ «ነገ ወደ ሱቅ ይምጡ» አልኳቸው።

መጡ። ባለሱቋ አንድ ስኒ ሻይ አቀረበችላቸው፤ እኔ ደግሞ ሽፋኖቹን ዘረጋሁላቸው።

«ይኼ ማነው?» አሉ አንዱን እያመለከቱ።

«ዘፋኙ ነው።»

«የሠራውስ?»

መነጽሬን አውጥቼ ሰጠኋቸውና ጥጉን አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩት።

«ጉንዳን አሳክለውታል እኮ» አሉ። «የኔ እንዲህ አይደለም። ፎቶው የኔ፣ ስሙም የኔ፣ በትልቁ።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ኖታ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመዘምራን ክፍል ነው። ቀርፋፋ ነኝ፤ ግን አልሳሳትም። እሳቸው ከሱቁ በስተኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አኮርዲዮኑን ይጫወታሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ባለሱቋ የጻፍኩትን በፒያኖ ትሞክረዋለች። ችግሩ ሰውየው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገው አለመጫወታቸው ነው።

«ቅድም እዚህ ላይ አልወጡም ነበር» እላለሁ።

«ቅድም ቅድም ነበር።»

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ ይኼን ሁለቴ ነው የደገሙት።»

«ባለፈው ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ የትኛውን ልጻፍ?»

«ዜማውን ጻፊያ። አንድ እኮ ነው፤ የምለዋወጠው እኔ ነኝ።»

ባለሱቋ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። ተርጉሜ ስነግራት ሳቀች። «ወረቀት ላይ ያለው ቦታ አንድ ነው በያቸው። አንድ ቀን ይምረጡ» አለች። ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ የዛሬው ይሁን» አሉ። ማክሰኞ ነበር። የማክሰኞውን ጻፍኩ። ጭብጨባውን ግን መጻፍ አቃተኝ፤ የጭብጨባውን ነገር ሰው ያውቃል ብዬ ተውኩት።

ያሳተምነው ግሌንዴል ነው። ማተሚያ ቤቱ የጥሪ ካርድና የመሳሰለውን የሚያትም፣ ሥራውን የሚያውቅ ቤት ነው። አታሚውን እንደ ድሮው ሞላላ ክፈፍ ስለው ከራሱ ናሙናዎች አንዱን አወጣልኝ፤ ዙሪያው በቅጠልና በአበባ የተጎነጎነ ነው። በጣም ወደድኩት። ቀለም ውድ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ይሁን ተባባልን። ጎረቤቴ የመረጡት ፎቶግራፍ የጎልማሳነታቸው ነው፤ ከረባት አድርገው፣ ጸጉራቸው ገና ሳይሸሽ፣ ወደ ሩቅ ያያሉ። የድሮዎቹ ሽፋኖች ከላይ ማሞካሻ ስለሚጽፉ እኔም ከፎቶው በላይ «በሁሉ ዘንድ የተወደደ» ብዬ አስገባሁ። ዘፈኑን ማለቴ ነው። ከሥሩ ስማቸው ከነአባታቸው፣ በትልቁ፤ ከዚያ «የሙሽራዋ እናት ዘፈን ደራሲ»። ኖታው ከውስጥ፣ ወረቀቱ ሲገለጥ ነው። አታሚው ሲያስረክበኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ። ትሑት ሰው ነው ብዬ አለፍኩ።

የድሮ አሳታሚዎች አዲስ ዘፈን ሲያወጡ ወረቀቱን በየመደብሩ መስታወት ላይ ይደረድሩት እንደነበር አውቃለሁና፣ ቴፕና ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ፌርፋክስ ወጣሁ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከጥቁር ሹራብ በስተቀር የምለብሰው የለኝም፤ ያንኑ ለብሻለሁ። ምግብ ቤቱ፣ ቅመም ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ትኬት ቢሮው፣ አንዱም እምቢ አላለኝም። አንደኛው ምግብ ቤት ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላኝ «እትዬ፣ አይዞሽ» አለችኝ። የዛሬ ልጆች የሰው ድካም ይገባቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። ቅመም ቤቱ ደግሞ ቴፑን ስለጥፍ ባለቤቱ ከፍቶት የነበረውን ዘፈን ድምፁን ቀንሶ አጠፋው። አዲስ ዘፈን ይዤ መምጣቴን አክብሮ መሰለኝ።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ሳላሳርፍ ስልኬ ጮኸ። የዕድራችን የሴቶቹ ኃላፊ ናት።

«እትዬ፣ ቴክስት እንኳን አታደርጊልንም? ከመስታወት ላይ አንብበን እንስማ?»

«አነበባችሁት? ጥሩ ነው» አልኩ።

«ሶ፣ ወንበር ልከናል፤ ምግቡንም ኦርደር አድርገናል። አስከሬኑ አገር ቤት ይገባል ወይስ እዚሁ ነው?»

«የማን አስከሬን?»

ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «እትዬ፣ ሾክ ላይ ነሽ። ምንም አትናገሪ፤ ቁጭ በይ፤ ደርሰናል» አለችኝና ዘጋች።

ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ወረቀት አየሁት። ጥቁር ክፈፍ፣ የአበባ ጉንጉን፣ ከረባት ያደረገ ጎልማሳ፣ ወደ ሩቅ የሚያይ፣ በሁሉ ዘንድ የተወደደ። ፌርፋክስ ላይ የምግብ ቤት በር ላይ የሰው ፎቶግራፍ ተለጥፎ የሚታየው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቀብር ወይም ለሙት ዓመት። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ለባሌም የለጠፍኩት እነዚያው በሮች ላይ ነው።

ወደ ላይ ወጥቼ በራቸውን ባንኳኳ የሉም። ስልካቸው ከውስጥ ይጮኻል፤ እንደ ልማዳቸው ትተውት ወጥተዋል። ልብስ ሊያጥቡ ወደ ላውንድሪው ሄደው መሆን አለበት። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ግቢው ሞልቶ አገኘሁት። ወንበሩ ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰዋል፤ ትሪ ከትሪ ላይ ይነባበራል።

«ሰውየው ደኅና ናቸው» አልኩ።

«አዎ፣ አሁንማ ደኅና ናቸው፤ አረፉ» አለችኝ የዕድሯ ኃላፊ፣ አንገቴን አቅፋ።

«አልሞቱም ነው የምልሽ።»

«እትዬ፣ አታምቂው። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።»

እኔ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። አላለቅስም ባልኩ ቁጥር ሴቶቹ ይበልጥ አዘኑልኝ፤ አንዷ ውኃ አመጣችልኝ፤ ሌላዋ ጫማዬን ልታወልቅልኝ ጎንበስ አለች። እንደምንም ተነጥዬ ለመጠበቅ ወደ መግቢያው በር ሄድኩ። እዚያ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ያ የሠርጉ ኪቦርድ ተጫዋች ቆሟል። ከመስታወት ላይ የገነጠለውን ወረቀት አጥፎ ይዞታል።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ በበሩ ገቡ። ባርኔጣቸውን ግንባራቸው ድረስ አድርገው፣ የታጠበውን ልብስ በከረጢት ትከሻቸው ላይ ጭነዋል፤ ፊታቸው ተቆጥቷል።

«ፓርክ ማድረጊያ ጠፋ እኮ፤ እስከ ፒኮ ድረስ ዞሬ መጣሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ሰዉን አዩና ከፊታቸው ያለውን ልጅ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ማን ሞቶ ነው?»

ልጁ ዞር ሳይል መለሰ። «እዚህ የሚኖር ሰውዬ። የሙሽራዋ እናት ዘፈንን የሠራው እሱ ነው፤ ታውቃለህ ያንን ዜማ?»

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ጎረቤቴ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ።

«አውቀዋለሁ» አሉት። «እሱ ነው የሠራው እንዴ?»

«እሱ ነው። ሁሉም ይኼንኑ ነው የሚያወራው፤ እዚሁ መሐላችን ኖሮ። እኔ ደግሞ ባለፈው ሠርግ የሕዝብ ዜማ ነው ብዬ ተናገርኩ። አዳራሹ ውስጥ ነበረ አሉ። ቁጭ ብሎ ሰማኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«እኔ እንጃ። ሶሪ ልል። ለማን እንደምለው ግን አላውቅም።»

ጎረቤቴ ከረጢቱን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት።

«ዜማው ግን ጥሩ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ጋሼ፣ ያለ እሱ እኮ ሠርግ የለም።»

«እንግዲያው ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት።

ልጁ ዞረ። መጀመሪያ ፊታቸውን አየ፤ ቀጥሎ ወረቀቱን፤ እንደገና ፊታቸውን። ባርኔጣቸውን አወለቁለት። ጸጉራቸው ባይኖርም ዓይናቸው ያው ነው። ልጁ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ ልጽፈው አልችልም። አንዳንዱ አማተበ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዷ አሮጊት እጃቸውን ይዛ ሙቀቱን ለካች። የዕድሯ ኃላፊ ግን ተቆጣች።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ምግብ ምን ሊሆን ነው?»

«እኔም እኮ ምሳ አልበላሁም» አሏት።

ተበላ። ሲበላም ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኖታ እንዳለበት ያወቀ አልነበረም። የዘፈን ወረቀት ብቻ ቢመስል ኖሮ ማንም አያየውም ነበር፤ የሞት ማስታወቂያ ግን ያላነበበው ሰው አልተገኘም። ስማቸውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሥራቸውንም ሁሉም ይነጋገርበታል። ያ የድስት ሰፈር አሳታሚ ሁሉ ዘፋኝ ሲለምን የኖረው ይህን ለማግኘት ነበር።

ልጁ አኮርዲዮኑን ከላይ አወረደላቸው። «ጋሼ፣ አንተ ጀምር፤ እኔ ልስማ» አለ። ተጫወቱ። ጣታቸው ሁለት ቦታ ላይ ተደናቀፈ፤ ማንም ልብ አላለም። የዕድሯ ኃላፊ ልጅዋን ልትድር የተቃረበች ናትና ሴቶቹ ተነሺ አሏት።

«በጥቁር ነጠላ አልነሣም» አለች።

ጎረቤቴ መጫወታቸውን አላቆሙም። እሷን ብቻ እያዩ ያንኑ ቦታ ደጋገሙት፤ ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩት ድግግሞሽ ነው። ተነሣች። ሌሎቹም ተነሡ። ያ ሁሉ ጥቁር ነጠላ ሲጨፍር አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቶቹን ላወርድ ፌርፋክስ ልወጣ ስል ደረጃው ላይ አገኙኝ።

«ይቆይ» አሉኝ።

«ሰው እንደሞቱ ያስባል።»

«ያስብ። እንዳለሁ ሲያስቡ መቼ ጠየቁኝ?»

ቆየ። ለባለሱቋ ነገሩን ስተርክላት ሻይዋን አስቀምጣ በሳቅ ፈረሰች። እናቷ መደብር ውስጥ ስትጫወት አሳታሚዎቹ ያልሞከሩት ዘዴ ይኼ ብቻ ነው አለች። አንዱን ወረቀት በላስቲክ አድርጋ በፊደሉ ተራ፣ ከድሮዎቹ መሐል አስገባችው።

የዕድሯ ኃላፊ ልጅ ሠርግ እዚያው ግሌንዴል፣ እዚያው አዳራሽ ተደረገ። ከጎረቤቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ልጁ የኪቦርዱ ማስቀመጫ ላይ የኛን ወረቀት ገልጦ አቁሟል። ማይኩን ያዘና ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ፤ «የሠራው እሱ ነው፤ ደግሞም አለ፤ እዚያ ጋ ቁጭ ብሎ እየበላ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበ። ጎረቤቴ ከሳህናቸው ቀና አላሉም። ጉርሻውን ጎረሱና ሰናፍጩን አቀብዪኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው።

የሙሽራዋ እናት ተነሣች። ልጁ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ ጀመረ፤ አንድም ነገር አልጨመረም፤ አንድም አልቀነሰም። ጎረቤቴ ማኘካቸውን አቁመው አዳመጡ። ቅር ያላቸው መሰሉ።

«እኔ እንዲህ አድርጌ ተጫውቼው አላውቅም» አሉ።

«ተጫውተውታል» አልኩ። «ማክሰኞ።»

«እሱማ የማክሰኞ ነው። ዛሬ ቅዳሜ አይደል?» አሉና አፋቸውን በናፕኪን ጠርገው፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ የቅዳሜውን ሊያሳዩት ወደ ልጁ ሄዱ።